ጸሎት አራሚው ዋርሳ

ማክሰኞ፣ ጥር 12፣ ነፋሻ ቀን ነበር። ቤት የነበርነው ታናሽ እህቴ፣ የሟች ባሏ ወንድምና እኔ ነን። ማታ እኛ ሰፈር ላለችው ጓደኛዬ በፖስታ ካርድ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦

ጓዴ፣ እህቴ ባሏን ከቀበረች ወዲህ አፏን የከፈተችው ዛሬ ነው። የሟቹን ሸሚዝ እያጣጠፈች፣ «ጌታዬ፣ ረሳኸኝ አይደል?» አለች። እፎይ ከማለቴ፣ ነገረ መለኮት የሚያስተምረው ዋርሳዋ ጥልቅ አለ። «መርሳት የሰው ባሕርይ ነው፤ ‹ፈቃድህ ተሰወረብኝ› በይ» አላት። የገዛ ወንድሙ ሞቶ የከነከነው ይኸው ነው! እግዜርን የሚያውቀው እንደ ቢሮ ሹም ነው፤ ማመልከቻው በደንቡ ካልተጻፈ የማይቀበል። እህቴም ሸሚዙን አስቀምጣ ክፍሏ ገባች። እኛ ሰፈር ቢሆን «እሰይ፣ ይውጣልሽ» ትባል ነበር እንጂ ማን ያርማታል?

ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ፣ ለጎረቤቶቻችንም ሰላም በይልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን አንስቼ ክፍሏ ገባሁና እጇ ላይ አኖርኩላት። «ረሳኸኝ!» ብላ ጮኸች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ፤ ዋርሳዋ መጽሐፉን ታቅፎ ቆሟል።

«እትዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከእግዜር ጋር። ስትጨርስ እንጠራሃለን» አልኩና በሩን ዘጋሁት።