በላጲስ ያጸዳሁት ደብተር

ውድ ባለቤቴ ሀብቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ላርም። የማርታን ወረቀቶች አላቃጠልሁም። «ቲቸር የልጅ ልጃቸው ጥላቸው እንዳትሄድ ሥዕሎቿን ምድጃ ከተቷቸው» የሚል ወሬ በከድር ሱቅ ያለፈ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እኔም ስኳር ልገዛ ስገባ በጆሮዬ ሰማሁት። ሲያዩኝ ወሬውን ወደ ገበያ ዋጋ አዞሩት፤ ከድርም «እማማ፣ ስንት ኪሎ ላድርግ» አለኝ፣ ግማሽ ኪሎ ብቻ እንደምወስድ ሃያ ዓመት ሙሉ እያወቀ። ለእሱ ላስረዳ አልፈለግሁም። ላንተ ግን የሆነውን በትክክል ልንገርህ። አላቃጠልሁም። በላጲስ አጠፋሁት።

ከተለየኸኝ ስድስት ዓመት ሊሞላ ሁለት ወር ቀርቶታል። ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ቡና ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ አንተ የተከልኸው አቮካዶ ግን ፍሬውን በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ እየጣለ በየሳምንቱ ያጨቃጭቀኛል። ስትሄድ ስድስተኛ ክፍል የነበረችው የልጃችን ልጅ ማርታ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች። እናቷ ሸኮ ስለምትሠራ አሁንም የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ዲጂታል ዲዛይን የሚያስተምር ኮሌጅ ለመግባት አመልክታለች። ምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች፤ እንደገባኝ ከሆነ በኮምፒውተር ፊደልና ምስል መሥራት ነው። በፈተና ውጤት ብቻ አያስገቡም። ሥራዋን ሰብስባ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን ማሳያ በኢንተርኔት መላክ አለባት። የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው፤ ዛሬ ረቡዕ ነው፤ መብራትና ኔትወርክ አብረው የሚገኙበትን ሰዓት ደግሞ እዚህ ሚዛን ከተማ ማንም አያውቀውም።

የመረጠችው ሥራ ያንተን ነው። ቴፒ የቡናው መጋዘን ስትሠራ ጆንያ ላይ ምልክት የምትቀባባቸውን፣ ፊደል የቆረጥህባቸውን ቆርቆሮዎች ከአልጋ ሥር አውጥታ አጠበቻቸው። የ«ዐ» መካከል ተቆርጦ እንዳይወድቅ ግራና ቀኝ የምትተውለትን ቀጭን ማያያዣ አይታ አንድ ሙሉ ቀን ስለሱ አወራችኝ። እኔ አርባ ዓመት ሳየው ፊደሉ የተሰነጠቀ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በዚሁ አኳኋን ፊደሉን በሙሉ ለስልክና ለኮምፒውተር ልትሠራው ተነሣች። ማያያዣው ምን ያህል ይቅጠን፣ የት ላይ ይሁን እያለች አንድ ደብተር በእርሳስ ሞላች። አንዱን ፊደል ሃያ ጊዜ። በኅዳጉ ቀስት፣ የጥያቄ ምልክት፣ «አይሆንም»፣ «ወፈረ»፣ «አያቴ ይሄን እንዴት አለፈው?»። አንዱ ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ሳይቀር ታትሟል።

ባለፈው ሳምንት ቴፒ ጓደኛዋ ዘንድ ኮምፒውተር ልትጠቀም ሁለት ቀን ሄደች፣ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትታ። ከፈትሁት። ለኮሌጅ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ ደነገጥሁ። እንዴት ተቀጥቼ እንደተማርሁ ታውቃለህ፤ ለአንዲት የቀለም ነጠብጣብ ጣቶቼን በማስመሪያ ጠርዝ ተመትቻለሁ። ሙከራ ያለበትን ወረቀት ለመምህር መስጠት ፊትን ሳይታጠቡ ሰው ፊት እንደመቅረብ ነበር። እኔም ሠላሳ ዓመት ያለ ዱላ፣ ግን ያለ ምሕረት፣ «በንጹሕ ገልብጠህ አምጣ» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ስለዚህ አዲስ ላጲስ ገዛሁ። ሁለት ቀን ተቀምጬ ከየገጹ የተሻለውን አንድ ፊደል እያስቀረሁ ሌላውን ሁሉ አጠፋሁ። ፍርፋሪውን በላባ ጠረግሁ። ጣቶቼ አበጡ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ሀብቴ። ስትመጣ ታመሰግነኛለች ብዬ በር ላይ ጠበቅኋት።

መጣች፣ ገለጠች፣ አልጮኸችም። ስልኳን አውጥታ የኮሌጁን መመሪያ አስነበበችኝ። መነጽሬን ጠርጌ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አመልካቹ ከመጀመሪያው ሙከራ ጀምሮ ያለፈበትን ያሳይ፣ የተሳሳተውንና የተወውን ጭምር፣ ያለቀው ሥራ ብቻውን አይበቃም ይላል። እንግዲህ ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው? ስሕተታችሁን ይዛችሁ ኑ የሚል መምህር በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ተናድጃለሁ፤ በኮሌጁም፣ በልጅቷ ትዕግሥትም፣ አብዝቼ ደግሞ በራሴ።

ልጅቷ አንተን ወጥታለች። በማግስቱ ጠዋት ደብተሩን መስኮቱ ጋ ወስዳ ገጹን ወደ ብርሃኑ አጋደለችው። እንዳንተ እርሳሱን ተጭና ነው የምትይዘው፤ ስለዚህ ያጠፋሁት መስመር ወረቀቱ ላይ ጎድጉዶ ይታያል። ገጽ በገጽ በስልኳ አነሣችው። ግማሽ ያህሉ ተነበበ። የቀረው ጠፍቷል፤ ላጲሱን መርጬ ነበር የገዛሁት።

«እቴቴ፣ እንግዲህ አንቺም ግቢበት» አለችኝ። ደብተሩን ማን እንዳጠፋው፣ ለምን እንዳጠፋው አንድ ገጽ በእጄ ጽፌ እንድሰጣት ትፈልጋለች፤ አለዚያ የሚመዝኑት ሰዎች ሥራውን ከሌላ ሰው የገለበጠችው ይመስላቸዋል። ጻፍሁ፤ ገልብጬ ሰጠኋት። አነበበችና መለሰችልኝ፤ «ይሄ ንጹሑ ነው፣ የመጀመሪያውን ስጪኝ» አለች። የመጀመሪያው ምድጃ ገብቷል። እንደገና ጻፍሁ። አንድ ቃል አልጣመኝም፣ ገለበጥሁት፣ ረቂቁ እንደገና ወደ ምድጃ። አስቤው አይደለም፤ እጄ ነው የሚያደርገው። ትናንት ሦስተኛውን ስሰጣት ራሷን ይዛ «እቴቴ፣ ኮሌጁ አንቺን ይቀበልና አንድ ዓመት ተምረሽ ነይ» አለችኝ። ሳቀችም። እኔ አልሳቅሁም። ከድር ሱቅ የሚወራው ከየት እንደመጣ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ምድጃ ስከት ያየኝ ሰው ይኖራል፤ ከቤታችን የተቃጠለ ወረቀት አለ፣ የእኔው ነው እንጂ የማርታ አይደለም።

ገጹን ወደ መስኮት ስታጋድል የመጀመሪያው ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። ከቴፒ በቡና መኪና ሾፌር የላክኸው፣ ላግባሽ ያልኸበት። መካከሉ ላይ በቀለም ድፍን አድርገህ የሰረዝኸው ሁለት መስመር ነበር። እኔ ቀሪውን በቀይ አርሜ፣ ከሥሩ «በንጹሕ ተገልብጦ ይምጣ» ብዬ ጽፌ በዚያው ሾፌር መለስሁልህ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚያው ይቀር ነበር። አንተ ገለበጥኸው፤ ይዘኸውም ራስህ መጣህ። ንጹሑ እስካሁን አለኝ፣ አንድ እንከን የለበትም፣ በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያውን የት እንዳደረስኸው አልጠየቅሁህም። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ የሰረዝኸው ምን ነበር ብዬ አልጠየቅሁህም። ስሕተት ነው፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ። አሁን የሚያምረኝ ያ ሁለት መስመር ነው። በእጄ ነበር፤ ወደ መስኮት ማጋደል ብቻ ነበር የቀረኝ።

እዚህ ደብዳቤ ላይ ሁለት ቦታ ሰርዣለሁ፤ አልገለብጠውም። እስካለሁ ድረስ አንተንም የማስታውስህ እንደዚሁ ነው፤ ያንን እንከን የሌለበትን ደብዳቤ ይዞ የመጣውን ብቻ ሳይሆን፣ በጥፍሩ ሥር የጆንያ ቀለም ይዞ ገበታ የሚቀርበውን፣ ስቆጣው ፊቱን አዙሮ የሚስቀውንም።

ነገ አስቀድሜ የማደርገው ይህ ነው። ምድጃው ሳይያያዝ እነሣለሁ። ላጲሱን ከቆርቆሮዎችህ ጋር ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለማርታ እሰጣታለሁ። በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ አንድ ገጽ፣ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ። የተሳሳትሁትን በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ እሰርዛለሁ፣ ከሥሩ ያለው እንዲነበብ። ከዚያ መልሼ ሳላነበው ለልጅቷ እሰጣታለሁ።