ከደረጃው ሥር ያለው ጠረጴዛ

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ወገብሽስ ሻል አለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትዪ ይወጋሻል? ታናሽ እህቴ መድኃኒቱን በሰዓቱ ትሰጥሻለች? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ናፍቆትሽ ነው ያስቸገረኝ። ልቤ ግን ዛሬ አልረጋ ብሏል። ከላይ የጫማ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ብዕሬን አስቀምጬ ቀና እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት አከብራለሁ ብላ ከዓለም ጋር ስምምነት መፈረሟን ነግሬሽ ነበር። የተቀጠርኩበት ቢሮ ይህንኑ ሥራ ላይ እንዲያውል የተቋቋመ ነው፤ የእኔም ድርሻ አቤቱታ መስማት ነው። ታዲያ ቢሮው የት ቢሆን ጥሩ ነው? ሦስተኛ ፎቅ! ሊፍቱ እኔ ከመቀጠሬ በፊት እንደቆመ ቀርቷል። በየጠዋቱ ጥበቃዎቹ ከነዊልቸሬ ተሸክመው ያወጡኛል። አንደኛው ቀልደኛ ነው፤ ዛሬስ ቁርስ አብዝተሻል ይለኛል። እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ?

ባለፈው ሰሞን አንድ ጫማ ጠጋኝ አቤት ሊል መጣ። እግሮቹ አይታዘዙለትም። ክራንቹን ታች ትቶ፣ በመቀመጫው እየተጎተተ ደረጃውን ወጣው። ለዚያ ቀን ብሎ የለበሰው ሙሉ ልብስ አቧራ በአቧራ ሆነ። በራችን ላይ ሲደርስ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ እህቴ የመብታችን ቢሮ እዚህ ነው ወይስ ተሳሳትኩ አለኝ። እማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በማግስቱ ጥበቃዎቹን እንዳትነኩኝ አልኳቸው። ጠረጴዛዬን አስወርጄ ከደረጃው ሥር፣ መጥረጊያና ባልዲ ከሚቀመጥበት ጎን ተሰየምኩ። ባለጉዳዩ እንደ ጉድ ይመጣል! አለቃዬ ግን ደሙ ፈላ። የውጭ እንግዶች ሊመጡ ነው፣ ገጽታችንን አበላሸሽ አለኝ። ይባስ ብሎ፣ እናትሽ ስትሸከምሽም እንዲህ ትኮሪ ነበር ወይ አለኝ።

ይቺ ነገር አጥንቴ ድረስ ገባች። አንቺ በጀርባሽ ትምህርት ቤት ያመላለስሽኝ ልጅሽ ስለሆንኩ ነው፤ እነሱ የሚሸከሙኝ ሊፍቱን ላለመጠገን ነው። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩት። አሁን ስለ እኔ ስብሰባ ተቀምጠዋል፤ ሊያባርሩኝ ይችላሉ። ጥበቃዎቹ ያውጧትና ሐሳቧን ትስጥ ብለው ላኩብኝ። ሐሳቤን የፈለገ ይውረድ ብዬ መለስኩ። አፌ ደፈረ እንጂ እንዳያባርሩኝ ፈርቻለሁ። ይህን ሥራ እወደዋለሁ።

ቆይ፣ ሰው እየወረደ መሰለኝ። አይ፣ ጽዳቷ ናት፤ ባልዲዋን ልትወስድ ነው።

ታናሽ እህቴን ሳሚልኝ። አክስቴን ሻሉ ደርሶኛል፣ እየሞቀኝ ነው በያት። ለግንበኛው ወንድሜ ግን ሰላምታዬ ከትእዛዝ ጋር ነው፤ ለሰፈሩ ሁሉ ሲገነባ የእኛን ደጃፍ ረስቶታል። ባለፈው ስመጣ ወገብሽ የተጎዳው እዚያ የደጃፋችን ደረጃ ላይ ልታነሺኝ ስትዪ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረሁት ለዚህ ነው እንጂ ጨክኜ አይደለም። ያን ደረጃ አፍርሶ ቀስ ብሎ የሚወጣ ተዳፋት ይሥራልኝ። ቢያባርሩኝም ባያባርሩኝም እመጣለሁ። ያን ቀን ከመቀመጫሽ እንዳትነሺ፤ በራሴ ስገባ እዪኝ።

ልጅሽ
ከደረጃው ሥር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ