ዶክተር «ይደገም»፦ ለሴቶች ጤና የተሰጠ ዕድሜ

ባልደረቦቻቸው «ዶክተር ይደገም» የሚሏቸው የማህፀን ሐኪሟ አክስታችን፣ ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነገር በቀላሉ የማይዋጥላቸው ነበሩ። የአባታቸውን ደህና ሰዓት ፈታተው ሲያበላሹ፣ አባት ሆዬ ከመቆጣት ይልቅ ሌላ ሰዓት ጨመሩላቸው።

በ1968 ዓ.ም. በሕክምና ተመርቀው፣ በዓመቱ መምህሩን ባለቤታቸውን አገቡ። ብዙም ሳይቆይ የማህፀን አካባቢ ኢንፌክሽን ያዛቸው። ሐኪም ሆነው ሳለ አፍረው ሐኪም ሸሹ። ኋላ ታክመው ቢድኑም የውስጥ አካላታቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ቀሩ፤ የመውለድ ተስፋቸውም በዚያው ተቆረጠ። አንጀት የሚበላ ሐዘን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ይህን መጣበቅ የሚከላከል መድኃኒት ፍለጋ ቆርጠው ተነሡ። በ1989 ዓ.ም. በጥንቸሎች ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ሲሠምር ቤተ ሙከራው በደስታ ፈነደቀ። ቅር ያላቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ውጤቱን የሚመዝነው ሰው የትኛው ጥንቸል መድኃኒቱን እንዳገኘ ማወቅ የለበትም፤ መድኃኒቱ ግን ሆድ ውስጥ ቢጫ ቀለም ስለሚተው፣ መዛኟ እርሳቸው ራሳቸው የትኛው እንዳገኘ ለይተውት ነበር። «እንዲሠራ የምመኝ ሰው ዳኛ ልሆን አልችልም፤ ይደገም!» አሉ።

በሁለተኛው ዙር መድኃኒት ለማያገኙት ጥንቸሎችም ቢጫ ፈሳሽ ተሰጠ። ለዳኝነትም መድኃኒቱን አምርረው የሚነቅፉትን ቀዶ ሐኪም ለመኗቸው። ሰውየው «ባይሠራ አልምርሽም» ቢሏቸው፣ «ልትምረኝ መቼ ጠራሁህ?» ብለው አሳቋቸው። ውጤቱ ከመጀመሪያው ቢያንስም፣ መድኃኒቱ መጣበቁን በእርግጥ እንደሚቀንስ ቀዶ ሐኪሙ ራሳቸው መሰከሩ። ኋላም በሰው ላይ በተደረገው ሙከራ ፈቅደው ከተሳተፉት ሴቶች መካከል ወልደው ለመሳም የበቁ አሉ።

አክስታችን በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ታናሽ እህታቸውና ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅ በሐዘን ተሰብረዋል።

ቤተሰቡ የወጣትነት ሕመማቸውን በይሉኝታ ሊያልፈው ፈልጎ ነበር። እርሳቸው ግን አልጋ ላይ ሆነው የዚህን የሕይወት ታሪክ ረቂቅ አስነበቡና፣ «ይጻፍ፤ ጮክ ተብሎም ይነበብ። ከቀባሪዎቼ መካከል ሕመሟን አፍራ የደበቀች ልጅ ካለች ነገ ሐኪም ዘንድ ትሂድ» አሉ።

ለሰው የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበልልን። አንቺም የምትሰሚ እህታችን፣ ነገ ሂጂ።