«ጥሩ ውላለች» ተብሎ ስለፈረምኩባቸው ስልሳ ሁለት ቀናት

ለተከበሩ የሕፃናት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠበቀ፣ እንቅልፍዎም እንደ መዝገብ ክፍልዎ ጸጥ ያለ ይሁን እያልኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ሠላሳ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚነት ያገለገልኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የጎደለች ነጥብ ከሩቅ ይታየኛል፣ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ግን አይታየኝም። የማሳድጋት የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአፏ አትናገርም፤ በእጆቿ ግን እኔን እስከማማት ድረስ ታወራለች። ጠዋት ጠዋት የልዩ ፍላጎት ማዕከሉ ሚኒባስ ይወስዳታል።

ቅሬታዬን በተራ ቁጥር የማቀርበው ቢሮዎ ቁጥር ስለሚወድ ነው። ይበልጡ በራሴ ላይ ስለሆነ እንዳይደናገጡ።

አንደኛ፦ ልጅቷ ሚኒባሱን ስታይ አልጋ ሥር መደበቅ፣ በእንቅልፏ መባነን፣ መኝታዋን ማርጠብ ስትጀምር፣ «ምን ይደረግ፣ የተፈጥሮዋ ነገር ነው» አልኩ። የሌላ ሰው ልጅ እንዲህ ቢሆን «ማን ነካው?» ብዬ ሰፈር አተራምስ ነበር። ስለ ሁኔታዋ ሦስት ወፋፍራም መጻሕፍት አንብቤ ስለነበር ግን ልጅቷን ራሷን ማየት አላስፈለገኝም።

ሁለተኛ፦ የሚኒባሱ አጃቢ እሱው ዘንድ በሚያድረው የመገናኛ ደብተሯ ላይ «ጥሩ ውላለች፣ ምሳዋን ጨርሳለች» እያለ ይጽፋል፤ እኔም በማግስቱ በር ላይ ቆሜ እፈርማለሁ። የምሳ ዕቃዋ እንዳለ እየተመለሰ ስልሳ ሁለት ጊዜ ፈርሜአለሁ። ትኩሳት ይዟት ከእኔ ጋር ቤት በዋለችበት ማክሰኞም ደብተሩ «ጥሩ ውላለች» ይል ነበር። እሱንም ፈረምኩ። እርግጥ ዝም ብዬ አላለፍኩም፤ የጎደለውን አራት ነጥብ አስገብቻለሁ።

ሦስተኛ፦ ነገሩን ያየችው አንድም መጽሐፍ ያላገላበጠችው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። እጅጌ ልትለካ የልጅቷን ክንድ ስትይዝ፣ አንጓዋን የዞረ የቀላ መስመር አይታ፣ «ጋሼ፣ ይሄስ ከየትኛው መጽሐፍዎ ነው?» አለችኝ። «ትቧጭራለች» ልል አፌን ስከፍት፣ «ራሷን በገመድ አሰረች በሉኛ!» ብላ ቀደመችኝ። ልጅቷም ሁለት እጆቿን ገጥማ፣ በማይታይ ቀበቶ ጠፍራ፣ አሳየችን። አጃቢውን ስጠይቀው አልካደም፤ «አባባ፣ እጇ አያርፍማ! ለራሷ ደኅንነት እኮ ነው» አለኝ። በእጇ የምትናገርን ልጅ እጇን ማሰር አፏን መሸበብ መሆኑን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ።

አራተኛ፦ ፎርምዎ «ተበዳይ በራሷ አንደበት ታስረዳ» ይላል። መስኮቱ ላይ ያሉት ባለሙያ፣ «አትናገርም? እንግዲያው ስትናገር ይምጡ፣ አባቴ» ብለው፣ ፎርሙን አስቀርተው በትሕትና ሸኙኝ። ሐኪሞች የቆረጡትን ተስፋ ቢሮዎ በአንድ መስኮት ስለቀጠለው አመሰግናለሁ።

እሷን ቤት አስቀርቻታለሁ። ሚኒባሱ ግን ሌሎች አምስት ልጆች ያመላልሳል፤ ሰኞ ጠዋትም ይወጣል፤ አጃቢውም፣ ቀበቶውም እዚያው ናቸው። የአምስቱንም ቤት አንኳኩቼ ነግሬአለሁ። ሁለቱ ልጆቻቸውን ሊያስቀሩ ተስማሙ፤ ሦስቱ ግን «ተዉት ጋሼ፣ የተፈጥሮው ነገር ነው» ሲሉኝ የገዛ ድምፄን የሰማሁ መሰለኝ። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪጣራ ሰውየውን ከልጆቹ እንዲያርቁልን፣ በመስኮትዎም ልጆችን ከአፋቸው ሌላ በእጃቸውም፣ በፊታቸውም፣ በፍርሃታቸውም የሚሰማ አንድ ሰው እንዲያስቀምጡ እለምናለሁ። የተማረ ከጠፋ ልብስ ሰፊም ይበቃል።

ከአክብሮት ሁሉ በታች ተቀምጬ፣
በመዘግየት ከቢሮዎ ጋር የምፎካከር፣
የልጅቷ አጎት

ማስታወሻ፦ ፖስታውን ሳላሽግ የቃል መስጫ ቀጠሮዎ ደረሰኝ፤ «ረቡዕ ጠዋት፤ ተበዳይዋ በማዕከሉ ሚኒባስ፣ ከአጃቢው ጋር ትቀርባለች» ይላል። ለአሳቢነትዎ ቃል የለኝም። እኛ በእግራችን እንመጣለን፤ አጃቢው ግን በሚኒባሱ ይምጣ፣ እርስዎም ከጎኑ ይቀመጡ። እጅዎ የማያርፍ ከሆነ እሱ ያውቅበታል።