ብርዱን ችላ መጋዙን ስላልቻለችው ዘንባባ

ለክቡር የከተማችን ውበትና መናፈሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልሁ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በሥርዎ ያሉት ባለሙያዎችም የዘንድሮውን ብርድ በደህና እንደተወጣችሁት ተስፋ አደርጋለሁ። ብርድ ነክቶት መልኩ የጠወለገ ፍጥረት በጽሕፈት ቤትዎ ዘንድ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚጠብቀው በዓይኔ ስላየሁ፣ ጤና የምመኝልዎ ከልቤ መሆኑን ይመኑልኝ።

እኔ በላይኛው መንገድ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ባለው ቤት የምኖር የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። ከበራችን ፊት፣ በእግረኛው መንገድና በአጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ አፈር ላይ አንዲት ዘንባባ ነበረችን። አሁን የለችም። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ለዚህ ውለታ ምስጋና ሳላቀርብ መቅረት ነውር ስለመሰለኝ ነው።

ዘንባባዋን የተከላት አባቴ ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ሞቃት የወደብ ከተማ ክሬን ሲያንቀሳቅስ ኖሮ፣ እናቴ ስትሞትበት እኔ ዘንድ፣ ትንፋሽ እንደ ጭስ ወደሚታይበት ወደዚህ ከተማ መጣ። የሰፈሩ ሰው መርከብ ነድቶ እንደማያውቅ እያወቀ «ካፒቴኑ» ይለው ጀመር፤ እሱም ከክሬኑ አናት ላይ ሆኖ ብዙ ካፒቴን ቁልቁል ያየ ሰው ስለነበር ሹመቱን ሳይግደረደር ተቀበለ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን የብርድ ወራት ያሳለፈው ከመስኮቱ ሥር ሳይነሳ ነው። «ምን እያየህ ነው አባዬ?» ስለው፣ «የሚታይ ነገር እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው» ይለኝ ነበር።

ብርዱ ሲለቅ አንድ ቀን ከችግኝ ሻጮች ዘንድ ጉልበቱን የማታክል ዘንባባ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። እኔ ሻጮቹ ያታለሉት መስሎኝ፣ ይህ የቆላ ተክል ነው፣ እዚህ ውርጭ አንድ ቀን አያውለውም ብዬ ተከራከርሁት። እሱ ግን ግንዷን እየዳበሰ «ዘንባባ ሁሉ አንድ አይደለም። ይቺ የተራራ ዘር ናት፤ ፀጉሯን አታዪም እንዴ?» አለኝ። ሕግ አክባሪ ስለነበር ከመትከሉ በፊት ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኃላፊ ዘንድ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። እሳቸውም ስቀው፣ «ከጸደቀች እኔም መጥቼ ጥላዋ ሥር እቀመጣለሁ» ብለው ፈቀዱለት። በእውነት መጥተው ተቀመጡ፤ እሳቸው ግን ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው።

ክቡር ሆይ፣ ዘንባባን በብርድ አገር ማሳደግ ልጅ እንደማሳደግ ነው። ውርጭ ሊጀምር ሲል አባቴ ቅጠሎቿን ወደ ላይ ሰብስቦ ያስራቸዋል፣ ግንዷን በጆንያ ይጠቀልላል፣ እግሯን በደረቅ ሣር ያለብሳል፣ አናቷ ላይም ትንሽ ጣራ ይሠራላታል። «ብርድ ብቻውን አይገድላትም፤ ውኃ ልቧ ውስጥ ገብቶ የረጋ ዕለት ነው የምትሞተው» ይል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን መጀመሪያ ሰሞን፣ «ጋሼ፣ እኛ ኮት አጥተን እርስዎ ለዛፍ ኮት ያለብሳሉ?» ብላ ትስቅበት ነበር፤ በኋላ ግን የተራረፈ ጨርቅ ገጣጥማ ልኳን የጠበቀ ኮት የሰፋችላት እሷው ናት። ጨርቁ ነጭ ስለነበር ልጆቹ «ሙሽሪት» አሏት። ሙቀት ሲመጣ አባቴ ኮቱን ሲያወልቅላት ዳቦ ሊገዙ የወጡ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ስለ እናቴ አንድ ቀን እንኳ አንስቶልኝ የማያውቅ ሰው፣ አዲስ ቅጠል በተዘረጋ ቁጥር ግን «ነይ፣ ነይ እዪ» እያለ ይጠራኝ ነበር። ዘንባባዋ ከአጥራችን በላይ ሆና፣ እሱም ከመስኮቱ ተነስቶ ደጅ መዋል ጀመረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የናንተ ውለታ ስለሆነ በተራ ቁጥር ላቅርበው።

አንደኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። የመንገዳችን መብራት ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፤ የተሰበረው የቱቦ ክዳንም እስከ ዛሬ እግር እየዋጠ ነው፤ ስለዚህ ጽሕፈት ቤቱ መፍጠን አይችልም ብዬ ክፉ አስቤ ነበር። ተሳስቻለሁ። ዘንድሮ ውርጩ ቀድሞ ሲመጣ አባቴ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ ስለነበር፣ እሱ ከአልጋው ሆኖ እየነገረኝ ዘንባባዋን ያለበስኋት እኔ ነኝ፤ ግን ቅጠሎቿ ቀድመው ተቃጥለው ነበርና ብርዱ አልፎ ኮቱን ሳወልቅላት ሁሉም ቡናማ ሆነው አገኘኋቸው። እያለቀስሁ ስነግረው፣ «ቅጠሉን ተዪው። መሃል ላይ ያልተፈታ ቅጠል አለ፤ እሱን ይዘሽ ሳብ አድርጊው። ተነቅሎ እጅሽ ላይ ከቀረ ሞታለች፤ እንቢ ካለሽ አለች» አለኝ። ወንበር ላይ ቆሜ ሳብሁት። እንቢ አለኝ። ሆስፒታል ተመልሼ ስነግረው ሳል እስኪያፍነው ድረስ ሳቀ። ስመለስ ግንዷ ላይ የናንተ ቀይ ቀለም ተቀብቶ ጠበቀኝ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ፤ እናንተ ደግሞ ቅጠሉ ስለተቃጠለ ግንዱን ለመቁረጥ ወሰናችሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶአችሁ። ቢሮአችሁ ስመጣ አንድ ወጣት ባለሙያ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፤ ይህን አልክድም። «እህቴ፣ ደርቃለች እኮ» አለኝ። ስለ መሃለኛው ቅጠል ነገርሁት፤ መጥቶ በገዛ እጁ እንዲስበውም ለመንሁት። «መሳብ የሚባል ነገር መመሪያችን ላይ የለም» አለኝ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ የስብሰባው ርዕስ በሩ ላይ እንደተለጠፈው «አረንጓዴ ከተማ» ነበር። አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፤ አባቴ ከሆስፒታል እስኪወጣ ድረስ ይቆይልኝ። «እናስታውሰዋለን» አለኝ። ማስታወሳችሁን አልጠራጠርም፤ የተቆረጠችው በወጣበት ዕለት ማለዳ ነውና።

ሦስተኛ ምስጋናዬ ለባለመጋዙ ነው፤ ይህ ግን ሽሙጥ የለበትም። እኔ አባቴን ላመጣ ሄጄ ስለነበር ያየችው ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ናት። መጋዙ የግንዱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ሰውየው ሞተሩን አጥፍቶ ጎንበስ አለ፤ ውስጡ ነጭ ነበር፣ ውኃም ያወርድ ነበር። ለጓደኛው «ይቺ ሕይወት አላት» አለው። ጓደኛውም «አሁን ምን ልናደርግ ነው?» አለው። ባለመጋዙ ሞተሩን መልሶ አስነሳ። ሲጨርስ የራስ ቁሩን አውልቆ ትንሽ እንደቆመ ነገረችኝ። ከጽሕፈት ቤታችሁ የደረሰን ብቸኛው የሐዘን መግለጫ ይህ ነው።

ታክሲው በሩ ላይ ሲያቆም አባቴ በመስኮቱ ወደ ላይ ሲፈልግ አየሁት፤ ቀና ብሎ ነበር የሚፈልጋት፤ ከዚያ ቀስ እያለ ዓይኑን ወደ ታች አወረደ። መንገዱን ሁሉ ልነግረው ፈልጌ አንደበቴ እንቢ አለኝ ማለት አልችልም፤ መቆረጧን እኔም አላውቅም ነበርና። ትከሻዬን ተደግፎ ወረደና ጉቶው አጠገብ ተንበረከከ። መዳፉን ቁስሉ ላይ አደረገ፤ እጁ ረጠበ። «ጠጥታ ነበር እኮ» አለ። «ውኃ ጀምራ ነበር።» ልብስ ሰፊዋ ወንበር አምጥታለት፣ እስኪበርደው ድረስ እዚያው ተቀመጠ፤ መንገደኛው «እንኳን በሰላም ወጡ ካፒቴን» ሲለው ኮፍያውን ከፍ ያደርግ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ መስኮቱ ሥር አልተቀመጠም። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ሾርባ ሳቀርብለት «ኋላ እጠጣዋለሁ ልጄ» ይለኛል፤ ኋላ ግን አልመጣም። የገደለው ሳንባው ነው። ሐኪሙ እንደዚያ ብለዋል፤ እኔም መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ነኝና ሳንባው መሆኑን አውቃለሁ። ጽሕፈት ቤትዎን በሰው ሞት አልከስም፤ ያን ያህል ትኩረት ሰጥታችሁናል ብዬ አላምንም።

አራተኛ፣ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ያው ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ለቀብሩ አልነበረም፤ ያኔ ቢሮአችሁ መጥቼ ያቀረብሁት አቤቱታ መልስ ስላገኘ ነበር። «አይዞሽ እህቴ፣ ኃላፊው አይተውታል። ጉቶው እንደ ሌላው ዛፍ ያቆጠቁጣል» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ዘንባባ ያላት አንድ ልብ ብቻ ነው፤ እሱም አናቷ ላይ ነው። እሱ ከተቆረጠ ከጎን የሚበቅል ሌላ የለም። ይህን በስልክ ላስረዳው ሞክሬ ድምፄ ተቆረጠ፤ እሱም መስመሩ መስሎት «አይሰማም» ብሎ ዘጋው። በዚያው ሳምንት አደባባዩ ላይ በመብራት ያሸበረቀ የፕላስቲክ ዘንባባ አቆማችሁልን። እጅግ ያምራል። ኮት አይፈልግም፣ ጠባቂም አይፈልግም፣ መቼም ቢሆን ማንንም «ነይ እዪ» አያሰኝም።

ልመናዬ አንድ ነው። በመግቢያችሁ ሰሌዳ ላይ በለጠፋችሁት ሪፖርት የኛ ዘንባባ «ከተወገዱ የሞቱ ዛፎች» መካከል ተጽፋለች። እባክዎ «በሕይወት ሳለች የተቆረጠች» ተብሎ ይስተካከልልኝ። ማንንም መቅጣት አያስፈልግም፤ አዲስ ችግኝም አልፈልግም፤ የሚያለብሳት ሰው የለኝም።

ላሳዩን ፍጥነት፣ ላልሰጡን ጊዜ፣ ከሁሉም በላይ ለደከመ ነገር ላለዎት ጥርት ያለ ውሳኔ፣ ከፍ ካለ አክብሮትና ዝቅ ካለ አንገት ጋር ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የላይኛው መንገድ ነዋሪ፣
የካፒቴኑ ልጅ

ማስታወሻ፦ ትናንት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ሳልፍ በቢሮዎ መስኮት ላይ በሸክላ የተተከለችው አበባ አንገቷን ደፍታ አየኋት። ከማሞቂያው በላይ ነው ያስቀመጧት፤ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጓትና ውኃ ይስጧት። ለጸሐፊዎ ልነግራት ገብቼ ነበር፤ ጉዳይ የሚታየው ሐሙስ ብቻ ነው ስላለችኝ ተመለስሁ። እስከ ሐሙስ ትቆይ እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አልሞተችም።