አየር መንገዱ ተመልሷል

ልጄ፣ በገባሽበት ሁሉ ጤናና ሰላም ይቅደምሽ፤ እጅሽ የነካው ይቅናልሽ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትሽ ጉልበት ብቻ ብርዱን አልቻለውም።

ሰባት ዓመት ተዘግቶ የኖረው የአየር መንገዱ ጣቢያ ሊከፈት ነው። የዛገውን የአውሮፕላን መጠገኛ ሃንጋር በር ቀለም ቀብተውታል፤ ሠራተኛም እየቀጠሩ ነው። አባትሽ ሠላሳ ዓመት ሞተር የጠገነበት ቤት አይደል፣ ወሬውን ሲሰማ ሕመሙን ረሳው። "ልጄ የበረራ አስተናጋጅነት ፈተናውን አልፋ ነው የተዘጋባት፤ አሁን ይጠሯታል" እያለ ሰፈሩን አዳረሰ።

ሳልነግርሽ የምስክር ወረቀትሽን ይዤ ሄድኩ። ከተሰለፉት ሴቶች አንዷ "እማማ፣ እርስዎም ሊበሩ ነው?" ብላ አሳቀችኝ። መዝጋቢው የልደት ዘመንሽን አየና "እናቴ፣ ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ አንቀበልም" አለኝ።

"ስትዘጉባት እኮ ሃያ አራት ነበረች" አልኩት።

አቀርቅሮ ወረቀቱን መለሰልኝ። ምን ያድርግ፣ እሱም ተቀጣሪ ነው።

ለአባትሽ እውነቱን መናገር አቃተኝ፤ "ተመዝግባለች" አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንቺ ክፍል ውስጥ ያጠራቀመውን መፍቻና ብሎን ሁሉ እያወጣ ነው። አልጋሽን ትናንት ዘረጋው።

አደራሽን፣ እሁድ ሲደውልልሽ "እዚህ ተመችቶኛል፣ አልመጣም" በይው። ይቆጣሻል፤ ቻይልኝ። ዕድሜውን የሰጠው ቤት ልጁን አልፈልጋትም አለ ከሚባል፣ አንቺን ቢቀየም ይሻለዋል።

እኔ አልቀየምሽም። በሰው አገር ሰው አይጥፋብሽ፤ ደክመሽ የምታርፊበት አያሳጣሽ።

እናትሽ