እሑድ በሊዝበን

ለማይጠገበው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ባለቤትህስ? አባቷና እናቷስ ደህና ናቸው? የፖርቶው ሥራ ተቃናልህ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ወይራችንም ዘንድሮ ጥሩ አብቧል።

ሳልነግርህ ሊዝበን ደርሼ መጣሁ። የደብራችን ሰዎች ለቅዱስ አንቶኒዮ በዓል አውቶቡስ ሲከራዩ፣ ጎረቤታችን ዴኦሊንዳ «አንቺ ሴትዮ፣ የሊዝበንን ሰርዲን ሳትቀምሺ፣ ፋዶውን ሳትሰሚ ልትሞቺ ነው?» ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። አንተ ያን ሳምንት ከሊዝበን ወጥተህ ፖርቶ እንደምትሆን በስልክ ስለነገርከኝ ላስቸግርህ አልፈለግሁም።

አልፋማ የሚሉት የሊዝበን አሮጌ ሰፈር ዳገቱ ጉልበቴን ጨረሰው። በየደጁ ከሰል ተያይዟል፤ ጭሱ ዓይን አያስገልጥም። አንዷ ሻጭ ሰርዲኑን ዳቦ ላይ አድርጋ ሰጠችኝና «እማማ፣ በእጅ ነው የሚበላው፤ አጥንቱን አይፍሩት!» ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ሰርዲን አበላል ልታስተምር! ግን ይጣፍጣል፤ ዘይቱ ዳቦው ውስጥ ሰርጎ... አባትህ ቢኖር እጁን እየላሰ ይበላው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ፋዶ፣ ያ የትካዜ ዘፈን፣ ወደሚዘፈንባት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። ከምሰሶው ጀርባ ተቀምጠን የጎመን ሾርባ እንደቀረበልን፣ አለባበሳቸው ያማረ ሰዎች ገብተው ፊት ለፊታችን ያለውን ጠረጴዛ ያዙ፤ ሽማግሌው ከነባለቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው ከነባሏ። ሽማግሌው አማቻቸውን «አንተ፣ እናትህን መቼ ነው የምታስተዋውቀን? ደብቀህ አስቀረሃት እኮ!» አሉት እየሳቁ። እሱም ዳቦውን በግራ ጉንጩ እያኘከ «ከተማ አይስማማትም አባባ፤ ከሰፈሯ ወጥታም አታውቅ» አላቸው። ለስለስ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ክፋት የለበትም።

ዴኦሊንዳ ዞር ብላ አየችውና ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዝኩት።

«እሱ ነው እኮ!» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት።

«ዓይኔ ታውሯል እንዴ?»

«አይደለም ብዬሻለሁ፤ ተቀመጪ።»

ወዲያው መስኮቱ ተዘጋ፤ መብራቱ ደበዘዘ፤ ዘፋኟ ጀመረች። ፋዶ ሲዘፈን ማንም ማንኪያ አያነሳም፤ መሀል ላይ ተነስቶ መውጣትማ ነውር ነው። እኔ ግን በጨለማው ግድግዳውን ተጠግቼ ወጣሁ። አስተናጋጁ «ሾርባው አልጣመዎትም እማማ?» አለኝ በሹክሹክታ። «ጣፋጭ ነው ልጄ፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ነው» አልኩት። አውቶቡሱ ገና ነበር። የቀረውን ዘፈን ደጅ ቆሜ ሰማሁት።

ስንመለስ ዴኦሊንዳ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጣች። ዘፈኑ ነክቷት ይሆናል።

እንግዲህ ሊዝበንንም አየኋት፤ ይበቃኛል። ቅዱስ አንቶኒዮ ከቤታችሁ ሳቅ አያጉድል፤ ልጅ ታቅፋችሁ ለመሳም ያብቃችሁ። ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ቆንጆ ናት።

ደግሞ የቀኝ ጥርስህን ሐኪም ይየው። በግራህ ብቻ እያኘክ እስከ መቼ ትዘልቀዋለህ?

የምትወድህ እናትህ